ሳይቆጠር የተጀመረው ዘፈን

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አርፎ መቀመጥ ግን እስካሁን አልሆነልኝም። ባለቤቴ ዘውዴ «አንተ ሰውዬ፣ ኧረ በማርያም ተቀመጥ፣ አዞርከኝ እኮ!» ትላለች። እቀመጣለሁ። ወዲያው የጎረቤት ሬዲዮ ይከፈታል፣ ድምፁ ጫፍ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ እጄ የሚያስተካክለው ቁልፍ ፍለጋ ይቁነጠነጣል፣ እነሳለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ድምፅ ስቀዳ ኖሬ፣ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ዝምታን ከየት ልማረው?

ሰሞኑን ደግሞ ባሰብኝ። ከቤት ስወጣ ያ ዘፈን ይከተለኛል። ባጃጅ ውስጥ እሱ ነው፣ ፀጉር ቤት እሱ ነው፣ ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ብሄድ እሱ ነው። አንዷ «ይባርክ!» ትላለች፣ ሰው ሁሉ «አሜን!» ይላል፣ ከዚያ ድራሙ ዱብ ይላል፣ ጊታሩ ይጮኻል። «ገና ነው ፀሐዩ» ነው ስሙ። ሰዉ የትርንጎ ዘፈን ይለዋል፤ የእሷው ነው። ነገር ግን ከዘፈኑ ውስጥ ተቆርጦ የወጣ አንድ የእኔ ጥፋት አለ። እሱን ሳልናገር እንቅልፍ የለኝም፤ ስለዚህ ከሥር ልጀምር።

ሥራ የጀመርኩት ስማዳ፣ ወገዳ ነው። መኪናው አንገጫግጮ ሲያደርሰኝ አጥንቴ ሁሉ ቦታውን የለቀቀ መስሎኝ ነበር። የተቀበሉኝ ጋሽ ይርዳው የሚባሉ የድምፅ ባለሙያ ናቸው። በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲማሩ ቆይተው፣ ሕመም አቋርጧቸው ወደ ዓለሙ ሥራ የመጡ ሰው ነበሩ። ትምህርቱ ቢቋረጥም ጆሯቸው ግን እዚያ እንደ ተሞረደ ነው። የቀዳሁትን ሲያደምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ ያደርጋሉ፣ ከዚያ «እዚህ ጋ ሰውዬው ሊተነፍስ ነበር፤ ቆረጥክበት» ይሉኛል። እኔ አሥር ጊዜ ሰምቼ አልደረስኩበትም።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን አንዱ ያናድደኝ ነበር። ማይክሮፎን ሲፈትኑ እንደ ሰው «አንድ፣ ሁለት» አይሉም። ከሚቀዱት ሰው አጠገብ ቁጭ ይሉና «እንደምን ዋላችሁ?» ይላሉ። ሰውዬው ይመልሳል። «ከብቱ ደኅና? አዝመራውስ?» ይቀጥላሉ። ሰላምታው ሲያልቅ ድምፁም ተስተካክሎ አልቋል፤ እጃቸው ለካ ቁልፉ ላይ ነበር። እኔ ቆሜ እቁነጠነጣለሁ።

«ጋሽ ይርዳው፣ መሸብን እኮ! ቆጥረን ብንጀምር ምን አለበት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ባዘዘው፣ ቁጥር መሣሪያህን ነው የሚፈትንልህ። እኔ የምፈትነው ሰውዬው ለምዶኝ እንደ ሆነ ነው» አሉኝ።

በሆዴ ሽማግሌው ወሬ ይወዳሉ አልኩ፤ እንግዲህ ልጅነት ነው።

ከወገዳ ወደ እስቴ ተዛወርኩ። መካነ ኢየሱስ ላይ የነበረው አለቃዬ ካሴት ከሚሰማ ሪፖርት ቢያነብ የሚመርጥ ሰው ነበር። ስለ ደመወዙ አታንሱብኝ፤ የአበል ፎርም ስሞላ የጨረስኩት ቀለም ይበቃኛል። ከዚያው ለሥልጠና ባሕር ዳር ተላክሁ። አሠልጣኙ ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፤ ማይክ ሲይዝ «ቼክ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብሎ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሳል። ወይ ደስታ! እንደኔ ላለ ችኩል ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው። ጋሽ ይርዳውን በዚያው ረሳኋቸው።

አርብ ገበያ ከተማ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት የባህል ሳምንት ሊከበር ነው ተባለ። የዚያው አለቃዬ «የአውድማ ዘፈን በሦስት ቀን አምጣ» አለኝ። ታች ጋይንት ውስጥ የአውድማ ዘፈን ሲነሳ ስማቸው የሚጠራው አያ ፈንቴ ነበሩ። ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዤ ስደርስ ጤፍ እያበራዩ አገኘኋቸው። ዳለቻ የሚባለው በሬያቸው ከፊት ሆኖ ይዞራል፣ እሳቸው ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይከተላሉ፣ ጎረቤቶቻቸው መንሽ ይዘው ነዶውን ያገላብጣሉ።

በእኛ አገር ወደ አውድማ የሚገባ ሰው ጫማውን ዳር አውልቆ «ይባርክ!» ይላል፤ «አሜን» ሲባል ነው የሚገባው። አላውቅም ብዬ አልዋሽም፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ቸኮልኩ! ከነጫማዬ ዘው አልኩ። ገመዴን ዘረጋሁ፣ ማይኩን ደቀንኩ፣ «በሉ አያ ፈንቴ፣ ያንን ዘፈን ይልቀቁት» አልኳቸው። ደግ ሰው ናቸውና ፈገግ ብለው ጀመሩ።

«ዙር በል ዳለቻ፣ ገና ነው ፀሐዩ!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ድምፃቸው ከሆዳቸው ተነስቶ አውድማውን ዞሮ ነው የሚመለሰው። ዳለቻም የሚያውቀው ነገር ነውና ርምጃውን አስተካከለ። ነገር ግን ንፋሱ ማይኩ ውስጥ ገብቶ ይፏጫል። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» ብዬ አቋረጥኳቸው። ንፋሱን በጀርባዬ ልከልል ስዞር ፊት ለፊቴ ቀድሞ ተበራይቶ፣ ነፍሶ፣ ገና ያልተሰፈረው ምርት ተከምሯል። ማይኩን አፌ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ምርቱ ላይ ተክዬ፣ ጮክ ብዬ «አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት!» እያልኩ እስከ አሥር ደረስኩ።

ቀና ስል የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። መንሹን ወደ ላይ እንዳነሳ የቀረ አለ። ያልተሰፈረ ምርት ፊት ቁጥር አይጠራም፤ በረከቱ ይሸሻል ነው የሚባለው። ይህንንም አውቅ ነበር። አፌ ግን ሥልጠናውን ነው ያስታወሰው።

አያ ፈንቴ በሬዎቹን አቆሙ። «ቆጠርክብኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ኧረ አያ ፈንቴ፣ በሞቴ፣ የመሣሪያ ሙከራ ነው እኮ!»

«ቆጠርክብኝ!» ብለው ጮኹ። «ምርቴን ፊት ለፊት እያየህ ቆጠርክብኝ! ሰብስብ ገመድህን፣ ውጣልኝ!»

በዚያ ዓመት ምርታቸው ጎደለ። ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ ነው አሉ፤ የግብርና ባለሙያውም እንደዚያው አለ፤ የሌላውም ገበሬ ጎድሏል። ምን ዋጋ አለው? ክረምቱን ለመሻገር ዳለቻን ሸጡት። ስሜም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባለ ገመዱ» ሆነ። አርብ አርብ ገበያ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሽማግሌ ብልክ «ቂም የለኝም፤ ላየው ግን አልፈልግም» ብለው መለሱልኝ። ለባህል ሳምንቱም ከሌላ ቀበሌ ያመጣሁትን ዘፈን አስገባሁ፤ አለቃዬ ልዩነቱን አላወቀም።

ወገዳ ወርጄ ለጋሽ ይርዳው ነገርኳቸው። ታመው ተኝተው ነበር። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ቁጥሩስ ይቅር፤ ስትገባ 'ይባርክ' ብለህ ነበር?» አሉኝ። «አላልኩም» አልኳቸው። በዚያው ክረምት አረፉ፤ እኔም ያችን ጥያቄ ይዤ ቀረሁ።

ብዙ ዓመት አለፈ። ነፋስ መውጫ ተዛወርኩ፣ እዚያው ጡረታ ወጣሁ፣ ጓዳችንን ስቱዲዮ አደረግኩት። ስቱዲዮ ስላችሁ ሳቁ፤ ዘውዴም ትስቃለች። ጭድ የሞላሁባቸው የማዳበሪያ ከረጢቶች በግድግዳው ዙሪያ ደርድሬ፣ በላዩ አሮጌ ጋቢ ሰቀልኩበት። ጭድ ግን ድምፅ ይውጣል፤ ውድ ስፖንጅ ከሚገዛ ሰው ጋር እወራረዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሁለት ወጣቶች መጡ። አንዷ ትርንጎ፣ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሁለተኛው ዮናስ፣ የፊዚክስ መምህርና ጊታር መቺ። ድራም የሚመታ ሰሎሞን የሚባል ጓደኛም አላቸው። ሮክ ነው የምንሠራው አሉኝ። እሺ፣ ሮክም ቢሆን ድምፅ ነው።

«ጋሽ ባዘዘው» አለችኝ ትርንጎ፣ «ድሮ አርብ ገበያ እያሉ የአያቴን ዘፈን ቀድተዋል አሉኝ። አባባ ጉሮሯቸውን ከታመሙ ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቷል፤ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። አንዲት ስንኝም ብትሆን እባክዎ ካለችዎት...»

«አያትሽ ማን ናቸው?»

«አያ ፈንቴ ይባላሉ።»

ቀረጻው አለኝ፤ ቀን ከሌት የማስታውሰው ቀረጻ ነው። ከፈትኩላት። ስንኟ እንዳለቀች ለማቆም አስቤ ነበር፤ ድምፃቸውን ስሰማ ግን እጄ ደነዘዘ። «ዙር በል ዳለቻ» አለ፣ ከዚያ «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» አለ፣ ከዚያ የእኔው ድምፅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቀጠለ። ትርንጎ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ባለ ገመዱ... እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ዮናስ ምኑም አልገባውም። «እንዴ! ይሄ እኮ የተዘጋጀ ኢንትሮ፣ መግቢያ ነው!» አለ እየዘለለ። «ሮክ በቁጥር ነው የሚጀምረው። የእሳቸው ስንኝ፣ የጋሽ ባዘዘው አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ከዚያ ድራም! ሕዝብ ያብዳል!»

«ዝም በል» አለችው። «አባባ ሳይሰሙት ምንም አይሠራም። እርስዎም ይምጡ፣ ጋሽ ባዘዘው።»

ዘውዴ «ሂድ፤ ካልሄድክ ይህን ወለል ትጨርሰዋለህ» አለችኝ። ሄድኩ። አያ ፈንቴ በራፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ፊታቸውን አላዞሩም፤ አልተነሱምም። ጫማዬን አውልቄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ይቅርታ ከአፌ ጠፋ። ትርንጎ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

ሰሙ። «ድገሚው» አሉ። ስንኟን ብቻ ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ አስደገሙና «ዳለቻ» አሉ ለራሳቸው። ቁጥሩ ሊጀምር ሆነና እኔ ዘልዬ ላቆመው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው፣ ይጨርስ።»

እስከ አሥር ሰሙት፤ የራሳቸውንም ጩኸት ሰሙት። ከዚያ በዚያ በተጎዳ ጉሮሯቸው «እንዲህ ነበር እንዴ የምጮኸው?» ብለው ሳቁ። ትርንጎም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ እንባዬ መጣ።

«ድምፄን ትውሰደው፣ ልጄ ናት» አሉ። «ያንን ቁጥር ግን የሰው አውድማ ላይ እንዳትለቁብኝ። ስልክ የሌለው ገበሬ ዛሬ የለም። አንድም ቁጥር፣ በማንም አፍ።»

«እኔስ አያ ፈንቴ? ይቅር ይሉኛል?»

«የመጣኸው ዘፈኑን ልትጠይቅ ነው፤ እሱን መለስኩልህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሱ።

ያችን መልስ ይዤ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። ዘፈኑን ማበላሸት አልችልም ማለት ነው። ቢበላሽ በሰውዬው ላይ ሁለተኛ ጥፋት ነው የምሠራው፤ ሦስተኛ ዕድል ደግሞ የለም።

መጀመሪያ ዮናስ የአያ ፈንቴን ስንኝ በኮምፒዩተሩ ጎትቶ፣ አሳጥሮ፣ ቋ ቋ ከሚለው የምት መቁጠሪያ ጋር ገጠመው። ሲሰማ ሰውዬው እንደሚኮላተፍ ሕፃን ሆኑ። «ምን አደረግካቸው?» ብዬ ጮኽኩበት። «እሳቸው የሚሄዱት በበሬ እግር ነው! ድራሙ ይከተላቸው እንጂ እሳቸው ድራሙን አይከተሉም!» ሰሎሞን መቁጠሪያውን አጠፋ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ስንኟን ሃያ ጊዜ ሰማና የዳለቻን ርምጃ በትልቁ ድራም አገኘው። ዮናስም ዜማው አንቺሆዬ ቅኝት ነውና የጊታሩን ክር በጣቱ እየገፋ ያጎብጠው ጀመር፤ ሲያጎብጠው ጊታሩ ያለቅሳል። ትርንጎ በሽማግሌው ስንኝ ላይ የራሷን ግጥም ጨመረች፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ፍቅር፣ ገና ስላልመሸበት ሰው።

ሁሉ ሆነ፤ መጀመሩ እምቢ አለ። ሦስቱ እኩል መነሳት አለባቸው፣ መቁጠር ደግሞ ክልክል ነው። ሰሎሞን ዱላዎቹን አራት ጊዜ ቢያጋጭ ከዮናስ አፍ በልማድ «ሁለት» ትወጣለች። በጥቅሻ ሞከሩ፣ አንዱ ይቀድማል። በእግር ምት ሞከሩ፣ የሞተ ነገር ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ!

«ጋሽ ባዘዘው፣ ቆጥረን እንጀምርና በኋላ ቆርጠን እናወጣዋለን፤ ማን ያውቃል?» አለ ዮናስ።

«እኔ አውቃለሁ!» አልኩት። ጓዳውን ስዞር፣ ስዞር፣ ጋሽ ይርዳው ቁልፉ ላይ ያሳረፉት እጅ ታየኝ። «እንደምን ዋላችሁ?» ብለው መልስ የሚጠብቁበት ፊታቸው ታየኝ። ቆምኩ።

«ትርንጎ፣ አውድማ ስትገቢ ምን ትያለሽ?»

«ይባርክ ነዋ።»

«በይው። እናንተ መልሱላት። በመልሳችሁ ጫፍ ላይ ውረዱ።»

«ይባርክ!» አለች። «አሜን!» አሉ ሁለቱ፤ ሦስቱም አብረው ዱብ አሉ። ሰላምታ የሚመልስ ሰው እኮ ሳይቆጥር እኩል ነው የሚመልሰው! ያ የመጀመሪያው ቅጂ ነው ዛሬ አገር የሚሰማው፤ አንድ ነገር አልነካሁበትም። ሲያልቅ ዘውዴ በሩ ላይ ሊጥ በእጇ ይዛ ቆማለች። «በሉ እስቲ ድገሙት» አለች፤ ዘውዴ በሥራዬ እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ኔትወርክ አልነበረምና ትርንጎ ለሥልጠና ባሕር ዳር ስትሄድ በፍላሽ ይዛ ሄዳ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ተማሪዎች በምረቃቸው ቀን «ይባርክ!» እየተባባሉ ሲዘሉ ታዩ። ሹፌሮች ከደብረ ታቦር እስከ ጋሸና አደረሱት። ሠርግ ላይ ሚዜዎች ከመግባታቸው በፊት ይከፍቱታል። አንድ ቄስ ጎረቤቴ «አሜንን ዘፈን ውስጥ ምን አስገባው?» ብለው ተቆጡኝ፤ በሳምንቱ ደግሞ በልጃቸው ስልክ ላይ ሲሰሙ ያዝኳቸው። ከአዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ለትርንጎ ደውሎ፣ መግቢያውን አውጥተን እንደ ደንቡ በቁጥር እንጀምረው፣ ውል አለ አላት። «መግቢያው የአያቴ ነው» ብላ ዘጋችበት።

ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን አላረፍኩም። ሰው ሁሉ «አሜን» ባለ ቁጥር፣ ያ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረ ሽማግሌ ይመጣብኛል።

ባለፈው ጥር ትርንጎ ደወለች። «አባባ ባለ ገመዱን ጥሪው፣ ገመዱን ግን ይተወው ብለዋል።»

በማግሥቱ አርብ ገበያ ነበርኩ። አውድማው ያው ነው፤ በሬዎቹ ሌሎች ናቸው። ዳር ላይ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ቆምኩ፣ «ይባርክ!» አልኩ። «አሜን» አሉ ሁሉም፤ የአያ ፈንቴ ከንፈርም ሲንቀሳቀስ አየሁ። መንሽ ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ አገላበጥኩ፣ ወገቤ ተቀነጠሰ። አንድ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ዘፈኑን ከፈተ፤ የአያ ፈንቴ የጥንት ድምፅ «ዙር በል ዳለቻ» ሲል ዳለቻን የማያውቁት በሬዎች ርምጃቸውን አስተካከሉ። ሽማግሌው በጅራፋቸው እጀታ መሬቱን ቀስ እያሉ ይመቱ ነበር።

ጤፉ ነፍሶ ምርቱ ተከመረ። በእነሱ ቤት የሚሰፍር ሰው አፉን አይከፍትም። ቁጥሩን የሚይዘው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም በጠጠር፣ ከጋቢው ሥር። ለመስፈር የሚመረጠውም እጁ የታመነ ሰው ነው። እኔ ዳር ልቆም ፈቀቅ ስል አያ ፈንቴ መስፈሪያውን ቁና አንስተው ወደ እኔ ዘረጉ።

«ስፈር» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እኔ? አያ ፈንቴ፣ እኔ እኮ...»

«ስፈር አልኩህ፣ ባዘዘው።»

በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። ተንበረከክኩ። ዕድሜ ልኬን ከአፌ ቁጥር ያልጠፋ ሰው ጥርሴን ነክሼ፣ አንዱን ቁና ሞልቼ ወደ ጆንያው ገለበጥኩ፣ ሌላውንም ገለበጥኩ፤ ከጋቢው ሥር የጠጠሩ ኮሽታ ይሰማኛል። ምርቱ አልቆ መሬቱ እስኪታይ ሰፈርኩ። ስንት ቁና እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።